ሽማግሌው አፍቃሪና ባሱኑ

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ለኦርኬስትራችን የክረምቱ ኮንሰርት ኖታ ታደለ። ከጥንት የመድረክ ኮሜዲዎች የተወሰዱ አራት ሰዎች በሙዚቃ፦ ፎካሪው ወታደር በትሮምቦን፣ ውሸታሟ ገረድ በክላርኔት፣ መበለቲቱ በኦቦ፣ ሽማግሌው አፍቃሪ በባሱን። ባሱን፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ረጅም የእንጨት መሣሪያ፣ እኔ ነኝ። አዲሷ መሪያችን ብሮንዊን ኖታውን ስትሰጠኝ «ሙርዶ፣ ይሄ ላንተ ተብሎ የተጻፈ ነው» አለችኝ። ሽማግሌው ሰባ ዓመቱ ነው፣ እኔ ስድሳ አራት። ሙገሳ ነው ብዬ ወሰድኩት።

የሽማግሌውን ተውኔት እዚህ ዳኒደን ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤቶቹ ሳይሰለቻቸው ያሳዩታል። ሴር ጋስፓሮ የሚባል ሽማግሌ በየማታው መበለቲቱ መስኮት ስር ቆሞ ይዘፍናል። መጨረሻ ላይ ያለችው ከፍተኛ ድምፅ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይሰነጠቃል። መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ሰፈርተኛው ይስቃል። እሱ ሳቁን አድናቆት ይመስለዋል። ኬሚስትሪ አስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪዎቼ ሲጫወቱት ከኋላ ቆሜ እኔም ስቄያለሁ።

የሙዚቃው ደራሲ ግን ሌላ ነገር አድርጓል። ያቺን ድምፅ አልሰነጠቃትም። ለስላሳ፣ ሙሉ፣ ረጅም አድርጎ ጻፋት። ሰውየው መድረክ ላይ አንድ ቀን እንኳ ያላገኛትን በሙዚቃ ሰጠው። ማንም እንዳይስቅበት ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ከተሰነጠቀች ግን ሁሉም ነገር ተመልሶ ቀልድ ይሆናል። ይሄንን ለብሮንዊን አስረዳኋት። «ደስ ይላል» አለችና ወደ ትሮምቦኖቹ ሄደች።

ከጎኔ ሁለተኛውን ባሱን የምትነፋው ሜሬ ፓራታ ናት። ልጅ ሆና ባሱን መጀመሪያ ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ ያኔ መሣሪያው ይረዝማት ነበር። ዛሬ ወደብ ላይ የመርከብ ጭነት ትቆጣጠራለች። አሁንም «ማቱዋ» ነው የምትለኝ፤ በማኦሪኛ አባትም መምህርም ማለት ነው። ኖታዬን አጮልቃ አየችና «ቆንጆ ናት፣ ማቱዋ» አለች።

እሑድ፣ ጁን 9

የቺዝ ጥቅልል ቀን። ከዳኒደን በኋላ ኢንቨርካርጊል ሄደን ስለምንጫወት፣ ሸጠን የአውቶቡሱን ኪራይ ለመክፈል እንደ ልማዳችን የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ይዘን ዳቦ ላይ ቺዝና ሽንኩርት እየቀባን ስንጠቀልል ዋልን። ቫዮሊኖች ይቀባሉ፣ ነፊዎች ይጠቀልላሉ፣ ከበሮ መቺው ያሽጋል። ባለቤቴ ኢሶቤል ኖታ ማንበብ አትችልም፤ በመጠቅለል ግን ኦርኬስትራውን በሙሉ ታስከነዳለች።

ዳቦ ላመጣ ጓዳ ስገባ ብሮንዊንና ኦቦ ነፊው ጎርደን ቆመዋል።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚቀጥለው?» ትላለች እሷ።

«ኮንሰርቱ ይለፍ። ስንት ዘመን ያገለገለ እኮ ነው» ይላል ጎርደን።

ሲያየኝ ጎርደን ጉሮሮውን ጠረገና «የአዳራሹን ማሞቂያ ነገር እያወራን ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማሞቂያው ካረጀ ቆየ። አዲስ ማስገባት ነው እንጂ መጠጋገኑ ምን ይረባል አልኳቸው። ሁለቱም ዳቦውን ማየት ጀመሩ።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

ልምምድ። ወታደሩ ደህና ነው። ገረዲቱ በጣም ትፈጥናለች። ሽማግሌው እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ድረስ ጥሩ። መጨረሻዋ ላይ የባሱኑ የመቃ ምላስ ከዳኝ። የዘንድሮ መቃ አይረባም።

ኀሙስ፣ ጁን 13

ቀኑን ሙሉ ምላስ ስሠራ ዋልኩ። ባሱን የሚነፋው ከመቃ ተፍቆ በሚታሰር ድርብ ምላስ ነው፤ ምላሱ ካልተስማማህ የወርቅ ባሱን ብትይዝም ዳክዬ ነህ። መቃውን እዘፈዝፋለሁ፣ እፍቃለሁ፣ አስራለሁ፣ እነፋለሁ፣ እጥላለሁ። ኢሶቤል የቆሻሻውን ቅርጫት አየችው።

«ይሄ ሁሉ መጥፎ ሆኖ ነው?»

«መቃው ነው።»

«የአምናውንስ መቃው ነው ስትል አልነበር?»

«የአምናውም መጥፎ ነበር።»

«ጥርስህስ?»

«ጥርሴ ምን ሆነ?»

ማታ ፖሙን በቀጫጭኑ ቆራርጣ አቀረበችልኝ። ቆራርጪልኝ አላልኩም። ግን በላሁት።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ዛሬ ጫማ ተፋተገልኝ።

እኛ ልምምድ ላይ ማጨብጨብ አንችልም፤ እጃችን መሣሪያ ይዟል። ስለዚህ አንዱ ብቻውን የሚጫወተውን ክፍል አሳምሮ ሲወጣው፣ ሌላው ጫማውን ከወለሉ ጋር ያፋትግለታል። ይሄ ግን ዝም ብሎ ለማንም አይደረግም። ለነባር ሰው ማፋተግ ዛሬም ስለተነፈስክ እናመሰግናለን እንደማለት ነው። የሚፋተገው ለጀማሪ ነው፣ ወይም ታሞ ለተመለሰ። እኔ ጀማሪ አይደለሁም፣ አልታመምኩም። ስለዚህ በጣም ጥሩ ነፍቻለሁ ማለት ነው።

የመጨረሻዋ ድምፅ ትንሽ ሻክራለች።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

ዛሬም ተፋተገልኝ፣ ከባለፈው በበለጠ። ያውም ያቺን ድምፅ ሰንጥቄያት ነው። የሰው ደግነት ጨምሯል መሰል። ቅዝቃዜው ይሆናል የሚያቀራርበን።

ዓርብ፣ ጁን 28

ኢሶቤል ሳትነግረኝ ቀጠሮ ይዛ ኖሮ ዶክተር ፈርናንዶ ጋ ወሰደችኝ። ስሪላንካዊ ነው፣ ትሑት ሰው፣ አፌ ውስጥ እጁን ከትቶ ጥያቄ የሚጠይቅ ዓይነት።

«የፊቱን ጥርስ የያዘው አጥንት አልቋል። ዛሬ ብናወጣው ይሻላል» አለ።

«ከኦገስት አሥራ ሰባት በኋላ» አልኩ።

«ሚስተር ጌዲስ፣ ጥርሱ ኮንሰርት መኖሩን አያውቅም።»

«አትንገረው።»

ሳቀ። ኢሶቤል አልሳቀችም። ለስላሳ ነገር ብቻ ብላ ተባልኩ። ባሱን ለስላሳ ነገር ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ዝም ማለትም እውቀት ነው። መንገድ ላይ ኢሶቤል «ለማን ነው የምታስመስለው?» አለችኝ። መንገዱ በረዶ ስለነበረ አካሄዴን እያየሁ ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

መጥፎ ማታ። በደንብ ልጻፈው፤ እንቅልፍም አልመጣም።

በሴር ጋስፓሮ ዘፈን መካከል፣ ዜማው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ ድምፄ በድንገት ወፍራምና ያማረ ሆነ። ደስ አለኝ። ምላሱ ተስማማኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ትንፋሽ ልወስድ ባቆም ድምፄ አላቆመም። እኔ ዝም ብያለሁ፣ ባሱኑ እየዘፈነ ነው። ሜሬ ነበረች። የኔን ኖታ ከስር ከስር እየነፋችልኝ ነበር።

ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው ይሄ ምኑ ነው ሊል ይችላል። አንደኛው ሳይጠይቅ ሁለተኛው የሱን ኖታ መንፋት፣ ማኅበር ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንደ ሕፃን እያጎረሰህ አንተ ስታኝክ መታየት ነው። ልምምዱ ሲያልቅ መሣሪያዋን እየፈታታች ሳለ ቀረብኳት።

«የኔን ኖታ ምን አስነፋሽ?»

«ሳላስበው ነው፣ ማቱዋ።»

«ሳያስቡ እንዲህ አይነፋም። ማን አዘዘሽ?»

የመሣሪያዋን ሳጥን ዘጋች፣ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች።

«ማንም አላዘዘኝም» አለች በመጨረሻ። መዋሸት አትችልበትም፤ ድሮም የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ስትመጣ ጆሮዋ ነበር የሚቀላው። ዛሬም ቀላ።

«ከአሁን በኋላ የራስሽን ንፊ» አልኳት። አባባሌ ለልጅ የሚባል ዓይነት ነበር። ስንት ሰው እየሰማ። ድፍን ወደብ የምታዝ ሴት እኮ ናት። «እሺ፣ ይቅርታ» ብላ ወጣች። ሁልጊዜ በመኪናዋ እስከ ቤቴ ታደርሰኝ ነበር፤ ዛሬ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። በረዶው ላይ ሁለቴ አንሸራተተኝ። የሚገባኝ ነው።

ጥፋተኛዋ ብሮንዊን ናት። እሷ ናት ያዘዘቻት። ግን ሜሬ ባትነፋ ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ ምን ይሰማ ነበር? ይሄን ጥያቄ እዚህ ላይ አቆመዋለሁ። መቃ አዝዣለሁ፣ ከፈረንሳይ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

ሜሬ የራሷን ብቻ ነፋች። ሁለቴ ሰነጠቅኩ። አዳራሹ በሙሉ አፋተገልኝ። ጎርደን «ግሩም ነው» አለኝ፣ ዓይኑ ግን ጫማዬ ላይ ነበር።

እሑድ፣ ጁላይ 21

የፈረንሳዩ መቃ መጣ። እሱም አይረባም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 30

ከሰዓቱ ቀድሜ አዳራሹ ጋ ደረስኩ። ከበሩ ውስጥ የሴር ጋስፓሮ ዘፈን ይሰማል። መጀመሪያ ሬዲዮ መሰለኝ። ጓንቴ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆምኩ። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ ያቺ ድምፅ ጋ ደረሰ፤ ደረሰና ቆየ። ለስላሳ፣ ሙሉ፣ እንደተጻፈው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

ሬዲዮ ቢሆን አስተዋዋቂ ይናገራል። ማንም አልተናገረም። እውነት ለመናገር ቀናሁ፤ ቅናቱ ግን ወዲያው አልፎ ሌላ ነገር ተተካ፣ ስሙን አላውቀውም። ይሄን አጨዋወት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሩን ከፈትኩ። ሜሬ ካፖርቷን እንደለበሰች ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ማሞቂያው ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው» አለች።

«ታዲያ ይሠራል?»

«ደህና ነው።»

«ከውጭ ሲሰማም ደህና ነው» አልኳት።

ተቀመጥኩና የባሱኔን ምላስ በምራቅ ማርጠብ ጀመርኩ። ሌሎቹ እስኪመጡ ድረስ ስለ አየሩ አወራን። ወደ ቤት ስንሄድ በመኪናዋ አደረሰችኝ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

የመጨረሻው ልምምድ። ብሮንዊን በእረፍት ሰዓት ሻይ ይዛ መጣች።

«ሙርዶ፣ ለቅዳሜ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«አይ፣ ከደከመህ እንዳይጨንቅህ። ሜሬ ክፍሉን ታውቀዋለች። ማንም ምንም አይልም።»

«ማንም ምንም የማይለው ነገር ነው የሚያስፈራው» አልኳት።

ሻዩን ሰጥታኝ ሄደች። ስኳር የለውም። በቀኝ በኩል ጠጣሁት፤ በግራ አይሆንም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ተሰነጠቀች። ሳቁ። ነገ እጽፋለሁ።

እሑድ፣ ኦገስት 18

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኢሶቤል ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አረንጓዴ ካፖርቷን ለብሳ። ወታደሩ ፎከረ፣ ገረዲቱ ዋሸች፣ ጎርደን መበለቲቱን አምሮ ተጫወታት። ከዚያ የኔ ተራ። ከመጀመሪያው እስከ መውጫው ጥሩ ነበርኩ፤ ይሄን ያለ ጉራ ነው የምጽፈው። ያቺ ድምፅ ጋ ስደርስ ጥርሴ ተንቀሳቀሰ። ከንፈሬ የሚደገፍበት አጣ። የወጣው ድምፅ ጅራቱ የተረገጠ በግ ቢያወጣው አያስደንቅም።

ከላይ ከሰገነቱ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ደስ ያለው ሳቅ ነው፣ እኔም ትምህርት ቤት ከኋላ ቆሜ የሳቅኩት ዓይነት። ሲያልቅ ብሮንዊን በእጇ ጠቁማ አስነሣችኝ። ተነሣሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እጅ ነሣሁ። ምን ላድርግ? እጅ ነሣሁ እኮ።

ኦርኬስትራ ውስጥ አንዱ ሲሳሳት ዞሮ ማየት ነውር ነው። ማንም ዞሮ አላየኝም። ሜሬ ግን ከጎኔ ስለሆነች መዞር አያስፈልጋትም፤ ኖታዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ነበር፣ አየሁት።

ጠዋት ኢሶቤል ጋዜጣውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሃያሲው ያ ስንጥቅ ታስቦበት የተደረገ «የትወና ጥበብ» ነው ብሏል። ሙርዶ ጌዲስ ሽማግሌውን መንፋት ብቻ ሳይሆን ሆኖት ታየ ብሏል። አንብባ ስትጨርስ አጥፋ አስቀመጠችው።

«ታስቦበት?» አለች።

«እንዲህ ነው የሚለው።»

«እሱ የሚለውን ሰማሁ።»

እንቁላል ጠበሰችልኝ። በላሁ። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ግን ይሄንን ሁሉ ሰምቶ አመሰግናለሁ ሲል ዋለ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

ብሮንዊን ደወለች። ድምፅዋ የሎተሪ አዟሪ ይመስላል። «ሙርዶ፣ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ድንቅ ነበር። ኢንቨርካርጊል ያሉት ጋዜጣውን አንብበዋል፣ ቲኬቱ አልቋል። ቅዳሜ ልክ እንደዚያው አድርገው፣ እሺ? ልክ እንደዚያው።»

እሺ አልኳት።

ቀላል ነገር ነው። ወንበሬ ይተርፍልኛል። ማንም አይጠይቀኝም፣ ጓዳ ውስጥ ማንም ስለ ማሞቂያ አያወራም። ጥርሱ ይውጣ አይውጣ፣ ለመሰነጠቅ ጥርስ አያስፈልግም። እስከ ሰማንያ ዓመቴ መሰንጠቅ እችላለሁ። ለምን ቀደም ብዬ እንዳላሰብኩት ይገርመኛል።

ረቡዕ፣ ኦገስት 21

መሰንጠቅ ስለማመድ ዋልኩ። አንዱ ያስቃል፣ አንዱ ያስጠላል፣ ለየት ባለ መልክ ከንፈርን ላላ ማድረግ ነው ዘዴው። ሰባተኛው ላይ ይሁን ስምንተኛው ኢሶቤል ከወጥ ቤት መጣች። እጇ ላይ ዱቄት አለ። በሩ ላይ ቆመች።

«ሰውየውን መሳቂያ አታድርገው» አለችኝ።

«የቱን ሰውዬ?»

«አንድ ክረምት ሙሉ እራት በበላን ቁጥር የነገርከኝን። ማንም እንዳይስቅበት ተብሎ የተጻፈውን።»

ሥራዬ ነው፣ ታዝዤ ነው አልኳት። የዘመኑ ሰው መሳቅ ይወዳል አልኳት። ብዙ ነገር አልኳት። ቆማ ሰማችኝ፣ ከዚያ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

አፈርኩ። ቅዳሜ ከነበረው ይበልጥ አፈርኩ። ቅዳሜ የሰነጠቀው ጥርሴ ነው። የዛሬው እኔ ነኝ። ለዚያ ምስኪን መስኮቱን ከፍቼ ሰፈርተኛውን የምጠራው እኔ ሆንኩ።

ኀሙስ፣ ኦገስት 22

ወደብ ወርጄ ሜሬን አገኘኋት። ኮንቴይነር ከሚወርድበት አጠገብ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ አንድ ግዙፍ ሹፌር ላይ ትጮህ ነበር። እኔን ስታይ መጮኋን አቆመች፤ ሹፌሩ በዓይኑ አመሰገነኝ።

«ምነው፣ ማቱዋ? ደህና አይደሉም?»

«ቅዳሜ ዘፈኑን አንቺ ትነፊዋለሽ።»

«አልነፋም።»

«ሜሬ።»

«አልነፋም አልኩ እኮ። ብሮንዊን ጠይቃኝ እንቢ ብያታለሁ። ጎርደንም ጠይቆኝ እንቢ ብዬዋለሁ። ከእጅዎ ነጥቄ ልወስድ አይደለም አጠገብዎ የተቀመጥኩት።»

«እንዲህ ስሚኝ። ያ ስንጥቅ ታስቦበት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ጋዜጣው ግን...»

«ማቱዋ፣ ሁሉም ያውቃል። ብሮንዊን ራሷ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፣ ሲስቁ ነው የተረጋጋችው። ጫማ ሲያፋትጉልዎ ምን መሰለዎት?»

አንዲት መርከብ ጡሩንባዋን ነፋች፣ መልስ ከመስጠት ገላገለችኝ። ጁን ላይ ጽፌው ነበር፣ ለማን እንደሚፋተግ። በእጄ ጽፌ ሳላነበው ኖርኩ።

«እንግዲያው» አልኳት፣ «ቅዳሜ እኔ ከነፋሁ ያስቃል። አንቺ ከነፋሽ አያስቅም። የሚያስፈልገኝ እሱ ብቻ ነው። ወንበሩን አይደለም የምሰጥሽ፣ ሰውየውን ነው። እንዳይስቁበት አድርጊልኝ።»

ጆሮዋ ቀልቶ ነበር፣ ንፋሱም ይሆናል።

«በአንድ ነገር እስማማለሁ» አለች። «እቤት አይቀሩም። የኔ ቦታ ላይ ተቀምጠው ሁለተኛውን ይነፋሉ።»

«ሁለተኛው እዚያ ጋ አንድ ዝቅ ያለ ረጅም ድምፅ ብቻ እኮ ነው ያለው። ማንም አይሰማውም።»

«ይሞክሩት እስቲ። ማንም ስለማይሰማው ነው ቀላል የሚመስልዎ። እሱ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ እኔ ከላይ ሆኜ መቆም አልችልም።»

ይሄን ሁሉ ዘመን እሷ ከስር ይዛኝ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አላመሰገንኳትም። ሹፌሩ መልሶ መጨቃጨቅ ስለጀመረ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ኦገስት 23

ለብሮንዊን በስልክ ነገርኳት። ደስ አላላትም። «ሰዉ እኮ ሊስቅ ነው የሚመጣው» አለች። አውቃለሁ አልኳት። «ዝም ካሉስ?» አለች። ዝም እንዲሉ ነው የተጻፈው አልኳት። ተነፈሰች፣ ረጅም ትንፋሽ፤ ባሱን ብትነፋ ጎበዝ ይወጣታል። «እሺ» አለች። «ግን ኃላፊነቱ ያንተ ነው።» ይሁን አልኳት።

ሁለተኛውን ኖታ ስለማመድ አመሸሁ። ለጥርሴ አያስቸግርም፣ ዝቅተኛ ድምፅ ከንፈር ላላ ሲል ይወጣል። ሜሬ ግን እውነቷን ነው። ቀጥ አድርጎ መያዙ ከባድ ነው። ኢሶቤል ከወጥ ቤት «ይሄ ምን ድምፅ ነው?» አለች። ማንም የማይሰማው ነው አልኳት። «እኔ እየሰማሁት ነው» አለችኝ።

እሑድ፣ ኦገስት 25

ትናንት ኢንቨርካርጊል። አውቶቡሱ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ በሙሉ በግና ዝናብ። አዳራሹ ጥግ እስከ ጥግ ሞልቷል። ወንበሬን ስቀይር አንድ ሁለት ሰው በፕሮግራሙ ላይ ስሜን ፈልጎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ አየሁ። ጎርደን ያላዩት መስሎት ትከሻዬን ነካ አደረገ።

የሽማግሌው ተራ ደረሰ። ሜሬ ገና ሁለት ሐረግ ስትነፋ ከፊት ረድፍ ሴትዮዋ አፏን በእጇ ይዛ ለሳቅ ተዘጋጀች። ከኋላዋም የታፈነ ሳቅ ተጀመረ። ጋዜጣውን አንብበዋል፣ ሊመጣ ያለውን ያውቃሉ፣ ጓደኛ ጓደኛውን በክርኑ ይጎሽማል። ለራሴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ዜማው መውጣት ጀመረ። ያቺን ዝቅተኛ ድምፅ ያዝኩ። የያዝኩትን ሁሉ ሰጠኋት፣ ትንፋሼን፣ ሆዴን፣ ጉልበቴን፣ አልተንቀጠቀጠችም። ሜሬ ላይዋ ላይ ወጣች። ድምፅዋ ገባ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ለስላሳና ሙሉ፣ እንደተጻፈው፤ ቆየ፣ ከጠበቅኩት በላይ ቆየ፤ ሴትዮዋ እጇን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ወረደ፣ እኔም ይዤው ወረድኩ፣ ብሮንዊን እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

ዓይኔን አላመንኩትም፣ ጆሮዬን አመንኩት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድም ሰው አልሳቀም።